በባድሚንተን ጨዋታ ከለጉ በኋላ የት መቆም እንደሚገባ

ቤተ ሰብ በዕረፍት ቀን በግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ሊጫወታቸው ከሚችላቸው ጨዋታዎች አንዱ ባድሚንተን ነው። ይህ ጨዋታ ላባ የተተከለባትን ትንሽ ኳስ በቀላል ራኬት እየመቱ በመረብ ላይ የሚያሳልፉበት ስለ ሆነ እጅግ ሰፊ ሜዳ አይጠይቅም፤ ብዙ ሰውም አያስፈልገውም፤ አባትና ልጅ ወይም ባልና ሚስት ቢገኙ ይበቃል። ዛሬ ግን ስለ ጨዋታው ሁሉ ለመናገር አላሰብንም። ልንናገር ያሰብነው ስለ አንዲት ጠባብ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሁለት ሰዎች ለብቻቸው ሲጋጠሙ፥ የመጀመሪያውን ምት ማለት ሰርቪስን የመታው ሰው ኳሷ ከራኬቱ ከተለየች በኋላ ወዴት ሄዶ፥ እንዴትስ ሆኖ ሊቆም ይገባዋል የሚለው ነው። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙው ጨዋታ የሚሸነፈው፥ አንዳንድ ጊዜም የሰው ቋንጃ የሚበጠሰው በዚችው ቅጽበት ውስጥ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። ዐሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጄ ጨዋታውን በትምህርት ቤት ተምራ መጣችና በግቢያችን በሁለት እንጨቶች መካከል መረብ ወጠርን። እኔም በወጣትነቴ ጥቂት ቴኒስ የተጫወትሁ ሰው ነኝና ይህችን ላባ መምታት ምን ያቅተኛል ብዬ ገባሁ። ሰርቪሴ ያማረ ነበር፤ ኳሷን ከፍ አድርጌ እስከ ሜዳው መጨረሻ እሰድዳታለሁ፤ እርስዋም በአየር ላይ እንደ ወፍ ተንሳፍፋ ቁልቁል ትወርዳለች። እኔ ይህንኑ ውበት ቆሜ ስመለከት ልጄ ከወዲያ በቀስታ ነካ ታደርጋትና ከመረቡ ሥር ጠብ ታደርግብኛለች። 21 ለ9 ተሸነፍሁ። ሁለተኛውንም ዙር እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ልጄ ውሃ እያቀረበችልኝ፥ «አባባ፥ አይቆጡኝ እንጂ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ከመቱ በኋላ ኳሷን ቆመው ያይዋታል» አለችኝ። «ታዲያ ወዴት ልሂድ?» ብላት፥ «ወደ ቦታዎ» አለችኝ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ በዕድሜ የምንተካከል አንድ ወዳጄ በዚሁ ጨዋታ ላይ ከለጋ በኋላ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ መልሱ በፊቱ ከመረቡ ሥር መጣበት። ድንገት ወደ ፊት ሊነሣ ቢሞክር ከተረከዙ በላይ ሰው በዱላ የመታው መሰለውና ዞሮ አየ፤ ከበስተኋላው ግን ማንም አልነበረም። የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ኖሮ ብዙ ወር በምርኩዝ ሄደ። እንግዲህ የልጄ ቃል የነጥብ ነገር ብቻ እንዳይደለ ያን ጊዜ ተገነዘብሁና ነገሩን አጥብቄ መመርመር ጀመርሁ።

አስቀድሞ የሜዳውን ልክ ማወቅ ይገባል። ነጠላ ጨዋታ የሚደረግበት ሜዳ ርዝመቱ 13.40 ሜትር፥ ወርዱ 5.18 ሜትር ነው። መረቡ በምሰሶዎቹ ዘንድ 1.55 ሜትር፥ በመካከሉ 1.524 ሜትር ከፍታ አለው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚጠብቀው ርስት 6.70 በ5.18 ሜትር ነው። ከዚህ ርስት እኩሌታ ላይ የቆመ ሰው ወደ አራቱም ማዕዘን 4.23 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ክንዱና ራኬቱ ሲዘረጉ የሚቀረው ሁለት ወይም ሦስት እርምጃ ነው። ባንዱ ማዕዘን ላይ ቆሞ የቀረ ሰው ግን የወዲያኛው ማዕዘን ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ይርቀዋል፤ ወደዚያም ኳሷን ቀድሞ የሚደርስ ሰው የለም። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ያሰበ ሰው ከለጋ በኋላ ወደ መካከል መመለስ ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ አስረጂ አይሻም።

ዳሩ ግን ባድሚንተን ከቴኒስ የሚለይበትን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በቴኒስ ሰርቪስ የሚመታ ሰው ከራሱ በላይ መትቶ ስለሚያወርድ አጥቂው እርሱ ነው። በባድሚንተን ግን ሕጉ ይህን ከልክሏል። ቀድሞ ኳሷ ስትመታ ከለጊው ወገብ በታች ትሁን ይል ነበር፤ የወገብ ነገር በዳኞችና በተጫዋቾች መካከል ክርክር እያስነሣ ስላስቸገረ በ2018 በዓለም ውድድሮች ላይ ቁርጥ ያለ ልክ ተተካ፤ ኳሷ በምትመታበት ጊዜ ሁለንተናዋ ከመሬት ከ1.15 ሜትር በታች መሆን አለባት። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መረቡ ከዚህ ልክ በላይ ስለ ሆነ ሰርቪስ ምንጊዜም ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከላይ ወደ ታች መትቶ የማጥቃት ዕድል መጀመሪያ የሚደርሰው ለተቀባዩ ነው። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ የሚለጋ ሰው ግብር አቅርቦ መልሱን እንደሚጠብቅ ሰው ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከዚህም ሌላ ሕጉ እግሩን ያስረዋል። ለጊውም ተቀባዩም፥ ሰርቪሱ ከተጀመረበት አንሥቶ ኳሷ እስክትመታ ድረስ፥ የሁለቱም እግራቸው ክፍል መሬት ሳይለቅቅ በቆሙበት ጸንተው መቆየት ይገባቸዋል፤ መስመርም መርገጥ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ተንኰለኛ ሆኖ አስቀድሞ ወደ መካከል እየተራመደ መለጋት አይቻልም። የሚገኘው ጊዜ ኳሷ ከራኬቱ ከተለየችበት እስከምትመለስበት ያለው ብቻ ነው። ይህንንም ጊዜ በማድነቅ የሚያባክነው ሰው እንደ እኔ ያለው ነው። በጉግስ ጨዋታ ዘንጉን የወረወረ ፈረሰኛ የት እንደ ወደቀ ለማየት ልጓሙን ቢይዝ ምን እንደሚያገኘው የታወቀ ነው፤ ወዲያው ፈረሱን አዙሮ ጋሻውን ወደ ጀርባው ያደርጋል እንጂ። የባድሚንተንም ለጊ እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የመቆሚያው ስፍራ እንደ ሰርቪሱ ዐይነት ይለያያል። ረጅሙ ሰርቪስ የሚባለው ኳሷ እጅግ ከፍ ብላ በተቃዋሚው ሜዳ መጨረሻ መስመር አጠገብ ቀጥ ብላ የምትወርድበት ነው። ላባዋ አየሩን ስለምትይዝ ኳሷ ከላይ ስትደርስ ኀይሏ ያልቅና እንደ ተጣለ ድንጋይ ቁልቁል ትወርዳለች። ይህን የሚለጋ ሰው ከመካከለኛው መስመር አጠገብ፥ በፊት ካለው አጭር የሰርቪስ መስመር አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ርቆ ይቆማል፤ ይህ መስመር ከመረቡ 1.98 ሜትር ይርቃል። ከመታ በኋላ አንድ እርምጃ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ወደ ኋላ ብሎ የርስቱን እኩሌታ ይይዛል። አስቀድሞ ከመካከለኛው መስመር አጠገብ የቆመ እንደ ሆነ ወደ ጎን ብዙ መሄድ የለበትም። ከዳር ቆሞ የሚለጋ ሰው ግን ራሱን በገዛ እጁ ሁለት እርምጃ ያስከፍለዋል፤ ይህንን በጀማሪዎች ሁሉ ዘንድ አይተናል።

ከዚህ በላይ ደግሞ ረቂቅ ነገር አለ። «መካከል» ማለት ዘወትር የሜዳው መካከል ማለት አይደለም፤ ተቃዋሚው ሊመልስባቸው የሚችላቸው መንገዶች መካከል ማለት ነው እንጂ። በተቃዋሚው ኋላ ማዕዘን ላይ ፋኖስ ቢቆም ብርሃኑ በመረቡ ላይ አልፎ በእኛ ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚዘረጋ እናስብ። ፋኖሱ በመካከለኛው መስመር ላይ ቢሆን ብርሃኑ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እኩል ይከፈታል፤ እኛም በመካከል እንቆማለን። ፋኖሱ ወደ ዳር ቢሄድ ግን ባንዱ ወገን ቀጥ ብሎ፥ በሌላው ወገን አግድም ይዘረጋል። ቀጥ ብሎ የሚመጣው ምት መንገዱ አጭር ስለ ሆነ ቶሎ ይደርሳል፤ አግድም የሚሻገረው ግን ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ ኳሷ ወዳለችበት ወገን ግማሽ እርምጃ ያህል ጠጋ ብሎ መቆም ይገባል።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። የለጊው ነጥብ ሙሉ ቁጥር ማለት 0፥ 2፥ 4 የሆነ እንደ ሆነ ከቀኙ ሜዳ ይለጋል፤ ጎዶሎ የሆነ እንደ ሆነ ከግራው ሜዳ ይለጋል፤ ኳሷም ምንጊዜም አግድም ትሻገራለች። ከቀኝ ለግቶ ኳሷን ወደ ተቃዋሚው ዳር የሰደዳት ሰው ኳሷ ከእርሱ አንጻር በግራው በኩል ናት ማለት ነው፤ ስለዚህ ከመካከል ወደ ግራው ግማሽ እርምጃ ይጠጋል። ከግራ ለግቶ ወደ ዳር የሰደዳት ደግሞ ወደ ቀኙ ይጠጋል። ወደ መካከለኛው መስመር ያደላ ሰርቪስ የለጋ ግን ከመካከል አይንቀሳቀስ፤ የሚጠብቀውም መንገድ ጠባብ ስለ ሆነ ይህ ሰርቪስ ለጀማሪ ይሻላል። በተለየም ከቀኝ ሜዳ ሲለጉ ወደ መካከለኛው መስመር መለጋት ሁለት ጥቅም አለው፤ ቀኝ እጁ የሆነ ተቀባይ ኳሷን በግራ ትከሻው በኩል፥ ማለት ለመምታት በማይመቸው ወገን ያገኛታልና። ወደ ዳር ቢሰድዱለት ግን በሚመቸው በቀኝ እጁ ቀጥ አድርጎ በለጊው ግራ ጎን ያወርድበታል።

ተቃዋሚው ግራኝ የሆነ እንደ ሆነ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ግራኝ ተጫዋች የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው፤ እጅ የለመደው ስፍራ ሁሉ ክፉ ስፍራ ይሆናልና። ቻይናዊው ሊን ዳን ግራኝ ነበር፤ በ2008 በቤይጂንግና በ2012 በለንደን የኦሊምፒክን ወርቅ ወስዷል። በለንደን የተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ እጅግ የታወቀ ነው። ከማሌዢያው ሊ ቾንግ ዌይ ጋራ ተጋጥሞ አንደኛውን ዙር 15 ለ21 ተሸነፈ፤ ሁለተኛውን 21 ለ10 አሸነፈ፤ ሦስተኛውን 21 ለ19 ጨረሰ። በሁለት ነጥብ ብቻ። ሁለቱ ሰዎች ሲጫወቱ የተመለከተ፥ ከመቱ በኋላ ኳሷን ቆሞ የሚያያት ከሁለቱ አንድም እንዳልነበረ ያስተውላል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር እናገራለሁ። ብዙ ሰዎች ወደ መካከል መመለስ ይገባል የሚለውን ሲሰሙ ነገሩን ከልክ በላይ ያጠብቁታል፤ ተቃዋሚው ኳሷን ሊመታ ራኬቱን እያነሣ እያዩ እነርሱ ገና ወደ መካከል ይሮጣሉ። ይህ ቆሞ ከመቅረት ይከፋል። ወደ ኋላ የሚሮጥ አካል በፊቱ የምትወድቀውን ኳስ ለማግኘት አስቀድሞ ሩጫውን መግታት፥ ቀጥሎም መዞር አለበት፤ ሁለት ሥራ ነው። የወዳጄም ጅማት የተበጠሰው በዚህ ዐይነት መገታትና መነሣት መካከል ነው። ስለዚህ ተቃዋሚው ሊመታ ሲል፥ መካከል ቢደርሱም ባይደርሱም፥ ባሉበት ቆም ማለት ይሻላል። ይኸውም መቆም እንደ ምሰሶ መተከል አይደለም። ሁለቱ እግሮች በትከሻ ልክ ተራርቀው፥ ጉልበት ጥቂት ተሰብሮ፥ ተረከዝ ከመሬት ነቀል ብሎ፥ ራኬት በደረት ፊት ተይዞ፥ ተቃዋሚው በሚመታበት ቅጽበት እጅግ ትንሽ ዝላይ ተዘልሎ ሁለቱ እግሮች መሬት ይነካሉ። ከዚያች ዝላይ የሚገኘው ንጥረት ወዳስፈለገው ወገን ያስነሣል። ስፍራው ፍጹም ሳይሆን ቆም ያለ ሰው ወደ ፍጹሙ ስፍራ ከሚሮጠው ይልቅ ብዙ ኳስ ይመልሳል።

ከረጅም ሰርቪስ በኋላ የሚጠበቁት መልሶች ሦስት ናቸው፤ ቁልቁል የሚወርድ ብርቱ ምት፥ ከመረቡ ሥር ጠብ የምትል ለስላሳ ምት፥ ወደ ኋላችን የምትሰደድ ከፍ ያለች ምት። የመጀመሪያው ያስፈራል፤ በ2023 ሕንዳዊው ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ በተዘጋጀለት ሙከራ ላይ ኳሷን በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መትቶ በዓለም መዝገብ ተጽፏል። ነገር ግን ይህ ፍጥነት ኳሷ ከራኬቱ በምትለይበት ቅጽበት የተለካ ነው፤ ላባዋ አየሩን ስለምትገፋ መረቡን ሳትሻገር ብዙው ፍጥነቷ ይሞታል። ስለዚህ ከሜዳው መጨረሻ የሚመታን ምት በመካከል ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ጊዜ አለው። እኔን ያሸነፈችኝ ልጄ ብርቱ ምት አንድም ጊዜ አልመታችም፤ ያሸነፈችኝ በለስላሳዋ ነው።

አጭሩ ሰርቪስ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ኳሷ መረቡን ልታክከው ጥቂት እስኪቀር ዝቅ ብላ አልፋ ከአጭሩ መስመር አጠገብ ትወድቃለች። ባሁኑ ዘመን በነጠላ ጨዋታ የታወቁት ወንዶች ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚለጉት በእጅ ጀርባ ነው፤ ሴቶቹም ረጅሙን ከወንዶቹ ይልቅ አዘውትረው ይለጋሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለብርቱ ሰው ኳሷን ከፍ አድርጎ መስጠት በራስ ላይ ሰይፍ ማቀበል ነውና። አጭሩን የሚለጋ ሰው ወደ ፊት መስመሩ ቀረብ ብሎ ይቆማል። ከለጋም በኋላ ወደ ኋላ መሸሽ የለበትም። ብዙ ሰው ግን ከረጅሙ ሰርቪስ ልማድ የተነሣ ያፈገፍጋል፤ ተቀባዩም ይህን አይቶ ኳሷን እዚያው ከመረቡ ሥር ይተውለታል። የሚገባው ከእኩሌታው ግማሽ እርምጃ ያህል ወደ ፊት ቀርቶ፥ ራኬቱን በመረቡ ልክ አንሥቶ መጠበቅ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚታየው የተቀባዩ ራኬት ነው። ተቀባዩ ዘግይቶ ኳሷን ከመረቡ በታች ያገኛት እንደ ሆነ ወደ ላይ ከማንሣት ወይም በመረቡ ላይ በቀስታ ከማሳለፍ በቀር ሌላ መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ለጊው ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ያስፈራራዋል፤ ያን ጊዜ ተቀባዩ አንሥቶ ወደ ኋላ ይሰድዳታል፤ ለጊውም የማጥቃቱን ዕድል ያገኛል። ተቀባዩ ፈጥኖ ኳሷን ከመረቡ በላይ ያገኛት እንደ ሆነ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ለጊው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፥ ጉልበቱን ሰብሮ፥ ራኬቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቅ። ይህ ሁሉ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚፈጸም ስለ ሆነ አስቦ ሳይሆን ለምዶ የሚደረግ ነው።

ሦስተኛው ዐይነት ተንኰል ያለበት ነው፤ አጭር የሚለጋ መስሎ ድንገት በተቀባዩ ራስ ላይ የሚያሳልፍ። ይህ አልፎ አልፎ ይበቃል። የለጋው ሰው ፈጥኖ ወደ እኩሌታው ይመለስ፤ የተታለለ ተቀባይ ወደ ኋላ እየወደቀ ስለሚመታ መልሱ አጭር ሊሆን ይችላል፤ ያልተታለለ ግን በብርቱ ያወርድበታል።

የቦታ ነገር ከቀድሞ ይልቅ ዛሬ ለምን እንደ ከበደ ለመናገር ጥቂት ታሪክ ማንሣት ያስፈልጋል። ጨዋታው በ19ኛው መቶ ዓመት በሕንድ አገር በፑና የነበሩ የእንግሊዝ መኰንኖች ሕግ ካወጡለት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ገባ፤ ስሙንም ያገኘው የቦፎርት መስፍን ርስት ከሆነው በግሎስተርሺር ካለው ከባድሚንተን ቤት ነው። በ1893 በእንግሊዝ አገር ማኅበር ተቋቋመለት፤ በ1899 ታላቁ የእንግሊዝ ውድድር ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት የተደረገው የጥንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ነጠላው በ1900 ተጨመረ። በ1992 በባርሴሎና ወደ ኦሊምፒክ ሲገባ በነጠላ ጨዋታ የሴቶቹንም የወንዶቹንም ወርቅ የኢንዶኔዥያ ሰዎች ሱሲ ሱሳንቲና አላን ቡዲኩሱማ ወሰዱ። በዚያ ሁሉ ዘመን ነጥብ የሚያገኘው የለጋው ሰው ብቻ ነበር፤ ለጊው ቢሸነፍ የሚያጣው የመለጋቱን ተራ ነው እንጂ ነጥብ አይከፍልም። በ2006 ግን ሕጉ ተለወጠና እያንዳንዱ ዙር እስከ 21 ሆነ፤ የለጋም ያልለጋም ያሸነፈው ነጥቡን ይወስዳል። ከዚያ ወዲህ ከለጋ በኋላ ያለ ስፍራው የተገኘ ሰው ቅጣቱን እዚያው ይከፍላል። ስለዚህ የዛሬ ልጆች የእግራቸውን ነገር ከአባቶቻቸው ይልቅ ቢያጠብቁ አይደንቅም።

ለአዲስ አበባና ለሌሎቹ ደጋ ከተሞቻችን ሰዎች የተለየ ማስታወሻ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለ ሆነ ላባዋን የሚይዝ ኀይል ያንሰዋል፤ በቆላ ወይም በባሕር ዳርቻ አገር መስመር ውስጥ የምትወድቀው ኳስ በእኛ ዘንድ ከመስመር ትወጣለች። ሕጉም በከፍታ ወይም በአየር ጠባይ ምክንያት የተለመደችው ኳስ የማትስማማበት አገር ልኳን ለማስተካከል እንዲችል ፈቅዷል። ደንበኛዋ ኳስ ክብደቷ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው፤ ላባዋም 16 ነው፤ ብዙ ጊዜ የዝይ ላባ ነው። በማሸጊያዋ ላይ ከ75 እስከ 79 የሚሆን ቁጥር ቢገኝ ቁጥሩ ያነሰው ቀርፋፋው ነው፤ ለደጋ አገር የሚስማማውም እርሱ ነው። ለመፈተን ከኋላው መስመር ላይ ሆነው ከታች ወደ ላይ በሙሉ ኀይል ቢመቷት ከወዲያኛው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲ ሜትር ቀደም ብላ መውደቅ አለባት። እኛ በግቢያችን ይህን ስንፈትን ኳሳችን ከመስመሩ አልፋ ከጎመን መደቡ ውስጥ ወደቀች። እንዲህ ያለች ፈጣን ኳስ ከተገኘች ረጅሙን ሰርቪስ መቀነስ፥ ከለጉም በኋላ ቁልቁል የሚወርደው ምት ፈጥኖ ስለሚደርስ ከእኩሌታው አንድ ጫማ ያህል ወደ ኋላ መቆም ይሻላል።

ስለ አካል ጉዳት የጀመርሁትን ልጨርስ። በዴንማርክና በስዊድን ጨዋታው እጅግ የተስፋፋ ስለ ሆነ የዚያ አገር ሐኪሞች የተረከዝ ጅማት መበጠስ በመካከለኛ ዕድሜ ባሉት የባድሚንተን ተጫዋቾች ላይ ደጋግሞ እንደሚታይ ጽፈዋል። ጉልበትም አለ። ስፔናዊቱ ካሮሊና ማሪን በ2016 በሪዮ የኦሊምፒክን ወርቅ ያገኘች ታላቅ ተጫዋች ናት፤ ከዚያም በኋላ ሁለቱም ጉልበቶችዋ በየተራ ተጎድተው ታክመዋል። በ2024 በፓሪስ ለፍጻሜው ለማለፍ ከቻይናዊቱ ሄ ቢንግጃኦ ጋራ ስትጋጠም አንደኛውን ዙር 21 ለ14 አሸንፋ፥ በሁለተኛውም እየመራች ሳለች ጉልበትዋ ከዳት። ተነሥታ ጥቂት ብትሞክርም አልተቻላትምና እያለቀሰች ወጣች። ሄ ቢንግጃኦ ለፍጻሜ አልፋ የብር ሜዳሊያ ባገኘች ጊዜ በሽልማቱ መድረክ ላይ የስፔንን ምልክት የያዘች ትንሽ ጌጥ በእጅዋ ይዛ ታየች። ይህን ሥዕል ልጄ ከአልጋዋ በላይ ለጥፋዋለች።

እኛ በቤታችን የያዝነው ልማድ ይህ ነው። ከመጀመራችን በፊት ዐሥር ደቂቃ ያህል እንራመዳለን፤ በደረጃው ጠርዝ ላይ ቆመን ተረከዛችንን በቀስታ ከፍና ዝቅ እናደርጋለን፤ ከአርባ ዓመት ያለፈ ሰው ይህን አይተው። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ በሜዳው እኩሌታ ላይ በጠመኔ አንድ ክብ ትሥላለች። እኔ እለጋለሁ፤ ልጄ ኳሷን ሳትመልስ ራኬትዋን አንሥታ ወደ አንዱ ማዕዘን ታመለክታለች፤ እኔም ያን ጊዜ በክቡ ውስጥ ወይም በአጠገቡ ቆሜ ትንሿን ዝላይ ዘልዬ ወደ ጠቆመችኝ ማዕዘን መነሣት አለብኝ። ስታመለክት ገና እየሄድሁ የተገኘሁ እንደ ሆነ ባለቤቴ «ዘገየ» ትላለች። መጀመሪያ ቀን ከሃያው ዐሥራ ስድስቱን ዘገየሁ። ኳስ ስለሌለበት ሥራው ይሰለቻል፤ ቢሆንም ዐይን ኳሷን ከማድነቅ የሚላቀቀው በዚህ ነው።

ወዳጄም ምርኩዙን ከጣለ በኋላ ገና ሊጫወት ስላልተፈቀደለት ባለፈው እሑድ መጥቶ በወንበር ተቀምጦ ዳኛ ሆነልን። ነፋስ ነበረና ሁለታችንም አጭር አጭሩን ለጋን። ልጄ 21 ለ16 አሸነፈችኝ። ከመረቡ ሥር ጠብ ያደረገችብኝን ኳስ ወዳጄ በክብሪት እንጨት ይቈጥር ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ እንጨቶቹን በመዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ፤ ሦስት ነበሩ።